እንጦጦ ያልደረሰው ምልክት

ወልደ ሐዋርያት እንጦጦ ላይ ካለው የሬዲዮ ማሰራጫ ሥር ኤሌክትሪክ ገድሎት ሲገኝ፣ ዱጋሳ በዚያው ቀን ታሰረ። ሟቹ ጥገና ከመጀመሩ በፊት ከታች፣ ከየካ ሚካኤሉ ጣቢያ፣ ኃይሉን የሚያቋርጠውን ቁልፍ መጫን የዱጋሳ ሥራ ነበር። ቁልፉ ያለበት ሳጥን በረጅም ገመድ እንጦጦ ላይ ላለው የኃይል መቁረጫ ምልክት ይልካል። «ቆርጬዋለሁ፤ ንካው» ብሎ በስልክ የነገረውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ተጭኛለሁ እያለ ይምል ነበር። እያደር ግን የገዛ መሐላውን ተጠራጠረ። ጓደኛው ሞቷልና ጣቱን ማመን አቃተው። ስቅላቱንም አልፈራም፤ የፈራው ገዳይ ሆኖ መሞትን ነው።

መርማሪው ሻምበል ሠረቀብርሃን በጦሩ የመገናኛ ክፍል ያደገ፣ አፉ ቁጥብ፣ ዓይኑ ግን የሰፈር ወሬኛ የሆነ ሰው ነበር።

«ከተጫንክ በኋላ ምን አየህ?»

«ሳጥኑ ላይ ያለችው መብራት በራች፣ ጌታዬ። ወይም የበራች መሰለኝ። እኔ እንጃ፤ ምናልባት ገድዬው ይሆናል።»

«ምናልባትህን ለእኔ ተውልኝ።»

የጣቢያው ኃላፊ መሐንዲስ ገብረ ክርስቶስ ነው። በሚመጣው ወር ሹመቱ ለሟቹ ሊተላለፍ ነበር። ሳጥኑን ፖሊሶች ፊት እንደፈተነው፣ ምልክቱም ምልክትን በመስመር በሚሥለው መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፑ መስታወት ላይ ቀጥ ብሎ እንደወጣ እያዘነ አስረዳ። ሳጥኑ ደኅና ከሆነ ጥፋቱ የዱጋሳ ነው ማለቱ ነበር። ሻምበሉ ሳጥኑን አስከፍቶ ሲያይ፣ ምልክቱን ወደ ገመዱ የሚገፋው ትራንዚስተር ብየዳው ገና ያብረቀርቃል።

የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂውን ሁሴንን ለፈተናው ምን እንዳቀረበ ጠየቀው።

«እኔማ የእንጦጦውን መስመር የሚያህል ሙሉ ጥቅልል ገመድ በመኪና አምጥቼ ነበር። መሐንዲሱ ክንድ የምታህል ሽቦ ትበቃለች ብለው አስመለሱኝ።»

በማግስቱ ሁሉም ጣቢያው ተሰበሰቡ። የሟቹ ሚስት በለጡ ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ዱጋሳ ካቴናው እጁ ላይ ነበር። ሻምበሉ በአጭር ሽቦ ሞከረ፤ ምልክቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጥቅልሉን ሲያያይዝ ግን መስታወቱ ላይ ያለው መስመር አቀበት እንደከበደው ሽማግሌ ተጎተተ።

«ረጅም ገመድ እንደ ጋን ነው» አለ። «ስኒ በቀጭን ቱቦም ቶሎ ይሞላል፤ ጋን ግን ሰፊ ቱቦ ይፈልጋል፤ ቱቦው ትራንዚስተሩ ነው። ገመዱ የሚይዘውን አውቃለሁ፤ ምልክቱ ለመውጣት የፈጀውን ጊዜ ለካሁ። ከሁለቱ የትራንዚስተሩን ጉልበት አሰላሁ፤ ከሚገባው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እንጦጦ ላይ ያለው መቁረጫ ደግሞ ዝግ ብሎ የሚመጣን ምልክት የዝናብ እርጥበት ነው ብሎ እንዲንቅ የተሠራ ነው። ስለዚህ ኃይሉ አልተቆረጠም። መብራቷ ግን እዚሁ ሳጥኑ ላይ ስላለች በርታለች።»

«ትራንዚስተሩ አርጅቶ ይሆናላ» አለ ገብረ ክርስቶስ።

«አርጅቶ ቢሆን ብየዳው አዲስ ባልሆነ፤ ደካማው ሆን ተብሎ ተተክቷል። የሳጥኑ መክፈቻ ያለው በእርስዎና በሟቹ እጅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱን ሞት አይበይድም። ረጅሙን ገመድ ያስመለሱትም እርስዎ ነዎት። የትራንዚስተሩን ድካም የማያውቅ ሰው ረጅም ገመድ አይፈራም።»

ገብረ ክርስቶስ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሹመቱን ለትናንት ተማሪው ማስረከብ ሞት ሆኖበት እንደነበር፣ ማንንም ሳያይ ተናገረ።

ካቴናውን ሲፈቱለት ዱጋሳ አልተነሣም።

«ተጭኜ ነበር ማለት ነው?»

«ተጭነህ ነበር» አለው ሻምበሉ።

ያን ጊዜ ዱጋሳ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። በለጡ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። እስከዚያች ሰዓት ስትረግመው ነበር፤ አሁን ግን የባሏን ድምፅ በመጨረሻ የሰማው እሱ ብቻ መሆኑ ታወቃት።

«ንካው ስትለው ምን አለህ?»

«‹እሺ ወንድሜ› አለኝ።»