በሟቹ አፍ የተገኘው አሳማ

ሻምበል ማዘንጊያ ወደ አዳራሹ ሲገባ መምህር ደመላሽ በጀርባው ተጋድሟል። እግሮቹ ተገጣጥመዋል፣ ልብሱ ተስተካክሏል፤ ሊገነዝ የተዘጋጀ ይመስላል። ማጅራቱን የመታው የነሐስ ማሰሮ አጠገቡ ወድቋል። ቀኝ እጁ ከአረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸች ጢንዚዛ ጨብጧል። በከንፈሮቹ መካከል ደግሞ ከዚያው ድንጋይ የተሠራ ትንሽ አሳማ ተወትፏል።

ጊዜው ግንቦት 1939 ዓ.ም. ነው። ዶክተር ካርዴሊ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በወጣትነቱ ቻይና ሳለ ከጥንት መቃብሮች የወጡ ዕቃዎች ሰብስቦ ኖሮ፣ መቐለ ባለው በዚህ አዳራሽ ለሕዝብ ማሳየት ከጀመረ ሳምንቱ ነበር። ጌታቸውን በወዲያኛው ዓለም እንዲያገለግሉ አብረው የተቀበሩ የሸክላ አሽከሮች፣ ፈረሶችና ጨፋሪ ሴቶች በየመደርደሪያው ቆመዋል። ሰው ግን ይበልጥ የሚጎርፈው የደመላሽን ማብራሪያ ለመስማት ነበር።

ሻምበሉ በየዕቃው ሥር የተለጠፉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አነበበ። ሁሉም ባማረ የቁም ጽሕፈት ተጽፈዋል። ድንጋዮቹ ከነበሩበት ሣጥን ሥር ያለው ብቻ በተጣመመ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ጢንዚዛይቱ በሟች ምላስ ላይ ትቀመጣለች። አሳማው በእጁ ይያዛል።»

ወረቀቱን አየ፤ ሬሳውን አየ። ከዚያ አስከሬኑን ሸፍኖ ዘበኛውን ይማምን ጠራው።

«ያየኸውን ለማንም እንዳትናገር። ማን በሩን ዘጋ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። በስድስት ሰዓት የፊቱን በር ቆልፌ ለሶላት መስጊድ ሄድኩ፤ ጀመዓው ሁሉ አይቶኛል። መምህሩ ምሳቸውን እዚሁ ነው የሚበሉት። በስምንት ስመለስ ወላሂ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

«የጓሮው በርስ?»

«ከውስጥ ነው የሚቀረቀር። ስመለስ መቀርቀሪያው ተስቦ ነበር።»

«እንግዲያው ራሱ ነው የከፈተው፤ ለሚያውቀው ሰው።»

የሟች ሚስት የኔአለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«ምሳ አመጣሁለት፤ በጓሮ ከፈተልኝ» አለች። «ተጣላንም። ቀኑን ሙሉ ከእነዚህ የሸክላ ሴቶች ጋር ይውላል፤ ቤት ሲገባም ወሬው እነሱው ናቸው። በሸክላ ቀናሁ ብልዎ ይስቁብኝ ይሆናል።»

«አልስቅም። ስትወጪ ደህና ነበር?»

«እየሳቀ ነው የሸኘኝ።»

ዶክተር ካርዴሊ አማርኛና ትግርኛ እያቀላቀለ ይናገራል። «እዋይ! እኔም ቀንቼበታለሁ፤ አልዋሽም። ሠላሳ ዓመት የደከምኩበትን ዕቃ ሰው በእሱ አፍ ወደደው። በምሳ ሰዓት ግን ቤቴ ተኝቼ ነበር፤ ብቻዬን።»

«ወረቀቶቹን ማን ጻፋቸው?»

«ደመላሽ ተረጎመ፤ ታመነ ገለበጠ። አንዱን ብቻ ተሳስቶ አግኝተን በመክፈቻው ዋዜማ ቀደድነውና እኔ እንደገና ጻፍኩት።»

መምህር ታመነ ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል ውስጥ የተማሪ ደብተር ሲያርም ተገኘ። ጠና ያለ ሰው ነው፤ ደመላሽን ከሸዋ አምጥቶ ሥራ ያስቀጠረው እሱ ነበር።

«ወረቀቶቹን ካስረከብኩ ወዲህ አዳራሹን አልረገጥኩም» አለ።

«ለምን?»

«ሰው የእኔን ጽሕፈት እያየ ‹ደመላሽ፣ እጅህ ይባረክ› ሲል ልስማ? ሀገሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ዛሬ እኔን የሚያውቀኝ የለም።»

ሻምበሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል። አምና ከሥሩ የነበረ መኮንን በማዕረግ ሲያልፈው ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

በአሥር ሰዓት አራቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል። ለሦስቱ ወረቀትና እርሳስ አደላቸው።

«ቻይናዎች ጢንዚዛይቱን የት፣ አሳማውን የት ያደርጋሉ? ጻፉልኝ። ይማም፣ አንተ በጆሮዬ ንገረኝ።»

ሰብስቦ አነበበ። «ዶክተሩ፣ ወይዘሮ የኔአለምና ይማም አንድ ቃል ናቸው፤ ጢንዚዛ በምላስ፣ አሳማ በእጅ። መምህር ታመነ ግን ጢንዚዛ በእጅ፣ አሳማ በአፍ ብለዋል።»

«በገዛ እጄ ጽፌው እንዴት እሳሳታለሁ?» ታመነ ፈገግ አለ። «እዚያው ተለጥፏል፤ እዩት።»

«እስቲ ይዩት።»

ታመነ ወደ ሣጥኑ ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«ደመላሽ የተገኘው አሳማው በአፉ፣ ጢንዚዛይቱ በእጁ ሆኖ ነው» አለ ሻምበሉ።

«አሳማ? በአፉ?» የኔአለም ደረቷን መታች።

«ገዳዩ ሬሳውን በቻይና ሥርዓት ያስተካከለው ዶክተሩን እንድንጠረጥር ነው። ዶክተሩ ቢሆን ግን ቦታውን አያምታታም። ወይዘሮዋና ይማምም ትክክለኛውን ከሟቹ አፍ ሰምተዋል። ስሕተቱ የነበረው በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ሕዝብ ሳያየው ተቀደደ። ያንን ወረቀት የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። ተርጓሚው ሞተ። ያሳረመው ዶክተሩ ነው። የቀረው ገልባጩ ነው፤ መታረሙን ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር። ድንጋዮቹን ሲያነሣም ወረቀቱን ልብ አላለውም። የገዛ ጽሕፈቱን ማን መልሶ ያነባል?»

ታመነ የያዘውን እርሳስ ሣጥኑ ላይ አኖረ።

«በምሳ ሰዓት ና ብሎ ላከብኝ» አለ። «‹ጋሼ፣ ላበስርህ ነው፤ አዲስ አበባ ጠርተውኛል› አለኝ። ደስታው ፊቱ ላይ ሲበራ አላስቻለኝም። ማሰሮውን ሊያሳየኝ ዞረ፤ ቀድሜ አነሣሁት።»

ዶክተሩ በዝግታ ተነሥቶ ከኮቱ ኪስ አንድ ደብዳቤ አወጣ።

«ለአዲስ አበባ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «የጠሩት ሁለት ሰው ነው። ያለ ጋሼ ታመነ አልሄድም ብሎ ስምህን ያስገባው እሱ ነው።»

የኔአለም ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «ምሳውን እንኳ አልነካም። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳያበስር እህል እንደማይወርድለት ነግሮኝ ነው የወጣሁት፤ ለካ አንተን ኖሯል።»

ታመነ እጁን ወደ ደብዳቤው ዘረጋ፤ ከሻምበሉ ጋር የመጣው ፖሊስ ግን ቀድሞ ክንዱን ያዘው።

«አንብቡልኝ» አለ ታመነ።

ዶክተሩ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው።