ውሃ የጠጣው ካፖርት

ካልሙርዛ ወደ መንጋው ሲሄድ ከተራራው መተላለፊያ ላይ፣ ፈረሱ አጠገብ ቁጭ እንዳለ በብርድ ሞቶ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ወርዶበት ነበር። ወፍራም የሱፍ ካፖርቱ ውሃ ጠጥቷል።

«የገደለችው እሷ ናት» አሉ እናቱ ካንዛዳ፣ ምራታቸውን ሳይራኩልን እያዩ። «መንገድ ላይ አብሮ አደጉ ኤሺም ቤት ያደረ እንደሆነ የኤሺምን ሚስት አስባ በቅናት ትንገበገባለች። ካፖርቱን ውሃ እንዳያስገባ ሰምና ስብ ሳትቀባለት ሰደደችው። ከቤቴ ትውጣ፤ ልጁን ግን አትወስድም።»

«ቀብቼዋለሁ» አለች ሳይራኩል።

መርማሪዋ ሻምበል ኡልጃን የደረቀውን ካፖርት ዘርግታ በጣቷ ዳሰሰችው። ትከሻው ሻካራ ነው፤ ታች ጠርዙ ላይ ሰም ተጋግሯል።

«እማማ፣ ከቤት ሲነሳ የመንገድ ምርቃት ውሃ ማን አፈሰሰለት?»

«እኔ ነኛ። እናት እያለችለት ማን ሊያፈስ ነው? "ውሃው ይለፍህ" ብዬ ትከሻው ላይ።»

«አለፈው?»

አሮጊቷ የካፖርቱን ትከሻ አዩ። «ኮለል ብሎ ወረደ።»

ኡልጃን ሟቹ በመንገዱ ላይ ወዳደረበት ወደ አብሮ አደጉ ወደ መካኒኩ ኤሺም ቤት ሄደች። ሚስቱን ቤጋይምን ጠየቀቻት።

«ካፖርቱን ምድጃው አጠገብ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ከጋራዥ ያመጣለት ኤሺም ነው። ካልሙርዛ "ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ መኪና ልታደርገኝ ነው እንዴ?" ብሎ አሳቀኝ።»

«ባልሽስ?»

«እሱ መቼ ይስቃል።»

በማግስቱ ሁሉም ካንዛዳ ቤት ተሰበሰቡ። ኡልጃን ካፖርቱ ትከሻ ላይ ውሃ ጠብ አደረገች፤ ወዲያው ሰረገ። ጠርዙ ላይ ያፈሰሰችው ግን ተንከባሎ ወደቀ።

«ሳይራኩል፣ የት አብዝተሽ ትቀቢያለሽ?»

«ትከሻውን። ዝናብ የሚመታው እሱን ነው። ጠርዙን ነካ ነካ ነው የማደርገው፤ ከወፈረ አቧራ ይይዛል።»

«እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ከቤት ሲወጣ ውሃ እንደማያስገባ እማማ ራሳቸው አይተዋል። ከዚያ በኋላ ያደረው አንድ ቤት ነው። ሰሙን አሟምቶ ወደ ታች የሚያወርድ፣ እስኪነጋም የሚደርቅ ነገር ቤንዚን ነው። ሰም የተቀባ ካፖርት የምድጃ ሙቀት ይስማማዋል፣ ሰሙን ሱፉ ውስጥ ያሰርገዋል፤ ቤንዚን ሊያፈስበት ካላሰበ በቀር ከምድጃ ዳር አንስቶ ጋራዥ የሚወስደው ሰው የለም።»

ኤሺም አንገቱን ደፋ።

«እንዲሞት አልነበረም። እንደራሰ ውሻ እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ ቤጋይም እንድታየው ነበር። እሱ ሲመጣ ብቻ ነው የምትስቀው።»

ካንዛዳ የልጅ ልጃቸውን ከጉያቸው አውጥተው ሳይራኩል ጭን ላይ አስቀመጡት።

ቤጋይም ባሏን ትክ ብላ አየችው።

«ካልሙርዛ የሚያወራልኝ እኮ ያንተን ነበር» አለች። «ልጅ ሆናችሁ ፍየል ጋልበህ ወንዝ የገባኸውን። አንተ አንድ ቀን እንኳ አላወራኸኝም።»