አሮጌው ምስጠራ

የመስቱራ አንድ ጫማ ደፉ ላይ ቀርቷል። በሩ ከነማጠፊያው ተነቅሎ ወድቋል። መስቱራ የለችም።

ኢንስፔክተር ገለኔ ሁሩሙ የደረሰችው በማለዳ ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ገበያ ነበርን አሉ። ገበያው ገና አልቆመም፤ ፈርተው ነው። እሷም አልፈረደችባቸውም።

መስቱራ ያዮ ጫካ ውስጥ የደን ጠባቂ ሲገደል ያየች ብቸኛ ምስክር ናት። ሐሙስ ችሎት ትቀርባለች። የተደበቀችበትን ቤት የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ገለኔ፣ መቱ ላይ መዝገቡን የምትይዘው ኩልሱም፣ ምስክሯን የሚያጅቡት የያዮ ፖሊስ ጣቢያው ጋሼ ጉርሙ። አድራሻው ከኩልሱም ወደ ጋሼ ጉርሙ የሄደው በኮምፒውተር፣ ተመስጥሮ ነው።

ገለኔ መቱ ተመለሰች። ኩልሱም እያለቀሰች ስልኳን አስረከበች፤ ምንም አልተገኘበትም። ቀጥሎ የኮምፒውተር ባለሙያው ቶኩማ ተጠራ።

"ፋይሉን መንገድ ላይ ማን ሊያነበው ይችላል?"

"ማንም። ምስጠራችን ጠንካራ ነው።"

"አሳየኝ።"

ቶኩማ የምስጠራውን ዝርዝር ከፈተ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ነገሩን እንዲህ ሲል አስረዳት። ሁለት ኮምፒውተሮች ፋይል ከመለዋወጣቸው በፊት በየትኛው ምስጠራ እንደሚጠቀሙ ይስማማሉ። ዝርዝሩን ከላይ ጀምረው እያዩ፣ ሁለቱም የሚያውቁትን የመጀመሪያውን ይይዛሉ። ጠንካራው ከላይ መሆን ነበረበት። አሁን አናቱ ላይ ያለው አሮጌው ነው፤ የቢሮውን መስመር የጠለፈ ሰው ከኢንተርኔት ባወረደው ፕሮግራም የሚፈታው።

"ድሮውንስ ለምን ገባ?"

"ለያዮ ብለን። የነሱ ኮምፒውተር ሌላ አያውቅም ነበር፤ እኔ ከታች ነው ያስቀመጥኩት። ከሦስት ወር በፊት አዲስ አገኙ። ላጠፋው ነገ ዛሬ ስል..." ጣቱን ዝርዝሩ ላይ አደረገ። "ወደ ላይ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ማሎ፣ እባክዎ ይመኑኝ።"

የይለፍ ቃሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ የኔትወርክ ክፍሉ ማሽን ላይ ተለጥፏል። ወደ ክፍሉ የገባ ሁሉ ያነበዋል።

መስቱራን "እመኚኝ" ብላ እንድትመሰክር ያሳመነቻት ገለኔ ነበረች።

ቶኩማ የይለፍ ቃሉን ቀየረ፤ አሮጌውን ምስጠራ ከዝርዝሩ አጠፋ፤ ለማንም እንዳይተነፍስ ታዘዘ። ኩልሱም ደግሞ ቢሮው ሁሉ እየሰማ፣ መስቱራ እንደተገኘችና አዲሱ አድራሻዋ አሁን ወደ ያዮ እንደሚላክ ተናገረች። ፋይሉ ውስጥ የነበረው ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤ ነው።

ገለኔ ቶኩማ ክፍል ውስጥ አብራው ጠበቀች። ማንም ካልመጣ ወይ ተሳስታለች፣ ወይ የተከሳሹ ሰዎች መስቱራን ይዘዋታልና አዲስ አድራሻ አያስፈልጋቸውም።

በሩ ተንኳኳ። የአስተዳደር ኃላፊው አቶ አራርሳ ነበሩ፤ የኔትወርክ ክፍሉ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው፤ ሠራተኛው እንደ አባት ያያቸዋል።

"ቶኩማ፣ ጉርሙ ከያዮ ደውሎልኝ ነበር። ፋይሉ አልከፈት ብሏቸዋል። ያንን አሮጌውን ምስጠራ መልስላቸው እስቲ።"

ገለኔ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"ጋሼ ጉርሙ፣ ፋይሉ ተከፈተልዎ?"

"ወዲያው። ግን ቃለ ጉባኤ ነው እኮ።"

"ለአቶ አራርሳ ደውለው ነበር?"

"ኧረ እኔ ለማንም አልደወልኩም።"

ያዮ ላይ ምንም አልተበላሸም። አሮጌው ምስጠራ ሲጠፋ የተቸገረው፣ መሃል ገብቶ ያነብ የነበረው ሰው ብቻ ነው።

አቶ አራርሳ በእጃቸው ወንበር ፈለጉ።

"አላገኟትም ማለት ነው" አለች ገለኔ ቀስ ብላ።

"በጓሮ አመለጠቻቸው። አሁን እኔን ነው የሚያስጨንቁኝ።"

የተከሳሹ ሰዎች ወር ሙሉ ሲደውሉላቸው ኖረዋል። የሚፈልጉትን አንዴ ከነገሯቸው ወዲህ ሌላ ነገር አይሉም፤ ልጃቸው ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የለበሰችውን ሹራብ ቀለም ብቻ ይነግሯቸዋል።

"ዛሬ ቢጫ ነው አሉኝ። ቢጫ ነበር። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?"

ገለኔ ሁለት ፖሊሶች ወደ ትምህርት ቤቱ ላከች፤ ከዚያ ካቴናውን አወጣች።

ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

"እኔ ነኝ፣ መስቱራ።" ትንፋሿ ይቆራረጣል። "ደህና ነኝ ወላሂ። ያለሁት..."

"አትንገሪኝ" አለች ገለኔ። "ሐሙስ ችሎቱ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። እስከዚያ ለእኔም ቢሆን አትንገሪኝ።"

"አሁን አመንኩሽ" አለች መስቱራ፤ ስልኩም ተዘጋ።