ያልጮኹት ወጥመዶች

ትልቋ እህት ታናሿን ይቅር አላለቻትም። ስንት ዓመት አለፈ፤ ፀጉሯ ሸበተ፤ ጉልበቷ መንቋቋት ጀመረ፤ ቂሟ ግን የትናንት ይመስል ነበር። አዳኙ ወደ አባታቸው የቆዳ መደብር ይመላለስ በነበረበት ዘመን ወሬውም ሳቁም ከትልቋ ጋር ነበር። ያመጣውን ቆዳ የምታገላብጠው እሷ፣ «ይህን ቀበሮ ደግሞ ከየት ጎትተህ አመጣኸው?» እያለች የምታስቀው እሷ። አንድ ቀን ግን መጣና ታናሿን እንዲድርለት አባትየውን ጠየቀ። ለምን እንደሆነ የነገራት ሰው የለም። እሷም እልኸኛ ናትና አልጠየቀችም። አባታቸው ሲሞት መደብሩ ተዘጋ፤ መሄጃ ስታጣ እህቷ ግቢ፣ ከኋላ ካለችው ጠባብ ክፍል ገባች። ሰውየው ለታናሿ ሆነ፤ የሰውየውን ብረት ማጠብ ለሷ ተረፈ።

ማጠብ ሲባል ደግሞ ቀላል እንዳይመስል። የአደን ወቅት ሲዘጋ ወጥመዶቹ ሁሉ ከጫካ ይሰበሰባሉ። ደሙና ጭቃው በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈጋል። ከዛፍ ልጣጭ ጋር ይቀቀላሉ፤ ሲደርቁ የቀለጠ ሰም ውስጥ ገብተው ይወጣሉ። ከዚያ ሞላቸው ላልቶ፣ መንጋጋቸው ተዘግቶ፣ እርጥበት እንዳይነካቸው ከመሬት ርቀው ይሰቀላሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በጓንት ነው፤ ቀበሮ የሰው ጠረን ወይ የሰው ደም ከሸተተው በዚያ ወጥመድ አጠገብ ዝር አይልም።

ታናሿ ወደ ወጥመዱ መጋዘን እግሯን አንስታ አታውቅም።

«ሽታው ራሴን ያዞረኛል» ትላለች።

«ያንቺ ራስ ሽቶ ብቻ ነው የለመደው» ትላታለች ትልቋ።

አዳኙ ሞቶ የተገኘው እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው። ከምሳ በኋላ የሥራ ሸሪኩ፣ ከቁመቱ የተነሳ ሰው ሁሉ «ቆጡ» የሚለው ሰውዬ፣ «ኧረ ድረሱልኝ!» እያለ ሲጮህ ሁለቱ እህቶች እኩል ሮጠው ደረሱ። አዳኙ በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱ ተሰንጥቋል። ትልልቆቹ ወጥመዶች የተሰቀሉበት ገመድ ተበጥሶ ከወራጁ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ወጥመዶቹ በሬሳው ዙሪያ መሬት ላይ ናቸው።

ታናሿ ባሏ ላይ ተደፍታ ጮኸች። ትልቋ አልጮኸችም። ቆማ አየችው፣ አየችውና ግድግዳውን ደገፍ አለች። ይህንንም ሰው ሁሉ አየባት።

መርማሪው አጭር፣ ራሰ በራ፣ ሲራመድ ኮቴው የማይሰማ ሰው ነበር። ባልደረቦቹ «ድመቴ» ይሉታል። ሬሳው ከተነሳ በኋላ መጋዘኑ ወለል ላይ ቁጢጥ ብሎ ወጥመዶቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ። በወጥመዶቹ ሰንሰለት ላይ የባለቤት ምልክት የሆኑ ትናንሽ የመዳብ ቁራጮች አሉ፤ እነሱንም ገልበጥ ገልበጥ እያደረገ አያቸው። ከዚያ ወጣና የትልቋን በር አንኳኳ።

«እትዬ፣ ልቀመጥ?»

«ወንበሩ አንድ ነው። እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አልጋው ላይ እሆናለሁ።»

«ይህ ግድግዳ ከመጋዘኑ ጋር የሚዋሰነው ነው?»

«እሱው ነው። አይጥ ስትሮጥ እንኳ ይሰማኛል።»

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«ወጥ ቤት ምሳዬን በልቼ ከተመለስኩ ወዲህ እዚሁ፤ ጉርድ ቀሚስ ስጠቅም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ብረት ሲወድቅ ምን ሰሙ?»

«ምንም።»

መርማሪው ቀና ብሎ አያት። «ምንም?»

«ምንም አልኩዎት እኮ! የሰማሁት ቢኖር እነግርዎት ነበር። የቆጡን ጩኸት ነው የሰማሁት፤ ሌላ አልሰማሁም።»

«ወጥመዶቹን የሰቀሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን ይሰቅላል? ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ አድርጌ በየልካቸው ገመድ ላይ ነው የማስገባቸው።»

«የአዳኙንና የሸሪኩን አይለዩም?»

«በልክ እንጂ በባለቤት መች እለያለሁ! መለየት የነሱ ፋንታ ነው። የሱ ምልክቱ ክብ ነው፣ የቆጡ አራት ማዕዘን ነው፤ ወቅቱ ሲከፈት ያኔ ይከፋፈላሉ።»

«ሟቹን ይወዱት ነበር?»

ትልቋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «እህቴ ናት ይህን ይጠይቁልኝ ያለችዎት?»

መርማሪው ፈገግ ብሎ ወጣ።

ታናሿ ግን በፊት ለፊቱ ቤት ሳሎን እያለቀሰች ሁሉንም ዘከዘከችው።

«ትቀናብኛለች! ካገባሁበት ቀን ጀምሮ ዓይኗ ደም እንደለበሰ ነው። እኔ ከባሌ ጋር በወጉ አውርቼ አላውቅም፤ እሷና እሱ ግን ወቅቱ በተዘጋ ቁጥር መጋዘን ውስጥ አብረው ይውላሉ። ሳቃቸው ወጥ ቤት ድረስ ይመጣል። በገዛ ቤቴ እኔ ነበርኩ እንግዳዋ!»

«ስለዚህ እርስዎም ይቀናሉ።»

ታናሿ ልቅሶዋን አቋረጠች። «እኔ? እኔ ምን አጥቼ ነው የምቀናው?» አለች፤ ወዲያው ደግሞ መልሳ አለቀሰች። «እሷ ናት የገደለችው! ግድግዳው ሥር ተቀምጣ አልሰማሁም ማለት ምን ማለት ነው?»

ይህ ቃል ሳይመሽ ግቢውን ሞላው። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ትልቋን የሚያይበት ዓይን ተለወጠ። ካቴናውን ቀበቶው ላይ ሲነካካ በመስኮት አየችው። «ይወስዱኛል» አለች በልቧ። «ሰውየውንም ወሰደችብኝ፣ አሁን ደግሞ ስሜንና ነፃነቴን ልትወስድ ነው።» ቢሆንም አንዲት ቃል ልጨምር አላለችም። አልሰማሁም ብላለች፤ አልሰማችም።

ከግድግዳው ወዲያ የመርማሪውና የቆጡ ድምፅ ይሰማት ጀመር።

«ገመዱ አርጅቶ ነበር» ይላል ቆጡ። «እባክህ ቀይረው እያልኩ ስንቴ ነገርኩት። ይኸው ሥሩ ሲቆም ተበጠሰበት።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ሰም ልገዛ ሄጄ። ሱቁ ተዘግቶ ተመለስኩ።»

«ያንተ ወጥመዶች የትኞቹ ናቸው?»

«እነዚያ፣ ጥግ ያለው ሚስማር ላይ። ተመስገን ነው፣ ደም ሳይነካቸው ተረፉ።»

የትልቋ መርፌ ቆመ። ጥግ ያለው ሚስማር? ልትነሳ ስትል ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ቋ! አለ። ግድግዳው ነዘረ፤ እሷም ከአልጋው ላይ ዘላ ተነሳች።

«ምንድን ነው እሱ?» ብላ ጮኸች።

«ምንም አይደለም፣ እትዬ!» አለ መርማሪው ከመጋዘኑ። «አንድ ወጥመድ ከእጄ አመለጠኝ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ታናሿ ሶፋው ላይ፣ ቆጡ በሩ አጠገብ፣ ትልቋ ደግሞ እዚያ ቤት ተቀምጣ ስለማታውቅ እንደቆመች ቀረች። መርማሪው ጓንት አድርጎ ሦስት ወጥመዶች ጠረጴዛ ላይ ደረደረ።

«ገመዱ ተበጥሶ ወጥመዶቹ ወደቁበት ነው የተባለው» አለ። «ሰም የጠጣ ብረት ከወራጅ ላይ ሲወድቅ ሰሙ ይፈረከሳል። ይህ እኔ ሆን ብዬ የጣልኩት ነው፤ እዩት፣ ጎኑ ሁሉ ተልጧል። ይህኛው ወለሉ ላይ ካገኘኋቸው አንዱ ነው። ጭረት እንኳ የለውም። ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው። አልወደቁም፤ ሰው ነው ቀስ አድርጎ ያስቀመጣቸው።»

«ሦስተኛውስ?» አለች ታናሿ።

«እሱ ሰሙ የተሰነጠቀው መንጋጋው ላይ ብቻ ነው፤ ደምም አለበት። ሟቹ የተመታው በዚህ ነው። አሁን ጥያቄው ሌሎቹ ለምን ቀስ ብለው ተቀመጡ ነው። ድምፅ እንዳይሰማ። ማን እንዳይሰማ? ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ሴት። እሷው ገድላ ቢሆን ኖሮ ከማን ትደበቃለች? ስጠይቃትስ ‹አዎ፣ ጓ ሲል ሰማሁ› ብላ አደጋ ነው የሚለውን ታጸናው ነበር። ከሁላችሁም ራሷን የሚጎዳ ቃል የተናገረች እሷ ብቻ ናት፤ ምክንያቱም እውነት ነው።»

ታናሿ ፊቷ ዓመድ መሰለ። «እኔ ነኝ ልትሉ ነው?»

«አይደለም። እትዬ ወጥመዶቹን በልክ ነው የሰቀሉት፤ በዚያ ገመድ ላይ የሟቹና የሸሪኩ ተቀላቅለው ነበር። ወለሉ ላይ ያሉት ግን በሙሉ ክብ ምልክት ያላቸው ናቸው። ባለ አራት ማዕዘኖቹ ጥግ ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል። ገዳዩ ከገመዱ ለይቶ አወጣቸው ማለት ነው። እርስዎ መጋዘን ገብተው ስለማይሠሩ የቱ የማን እንደሆነ አያውቁም፤ ቢያውቁም የማንኛቸውም ደም መንካት አያሳስብዎትም። ሬሳ አጠገብ ቆሞ ለሚቀጥለው ወቅት ወጥመዱ የሰው ደም እንዳይሸት የሚጨነቅ ሰው እዚህ ቤት አንድ ነው።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ቆጡ ሊወጣ ቢሞክርም ፖሊሱ ደረቱን ያዘው። የሚገርመው፣ ያየው ትልቋን ነበር።

«ላንቺ ብዬ ነው» አለ። «ስንት ጊዜ አግቢኝ አልኩሽ! ‹የሱን ብረት ሰቅዬ ልጨርስ› ትይኛለሽ። ብረቱ መቼ ያልቃል? ዛሬ ደግሞ አንቺ ከምሳ ሳትመለሺ እሱ ሳቀብኝ። ‹ሰም የምትቀባልኝ እኔን እያየች ዕድሜዋን ትጨርሳለች እንጂ አንተን ቀና ብላ አታይህም› አለኝ። እጄ ላይ የነበረውን ሰነዘርኩ።»

«ለኔ ብለህ?» አለች ትልቋ። «ለኔ ብለህ ከሆነ እኔን በካቴና ሊወስዱኝ ሲሰናዱ አፍህን ምን ለጎመው?»

ፖሊሱ ሲገፋው ቆጡ ዞረና፣ «ሟቹስ መጀመሪያ አግቢኝ ብሎ የላከው ላንቺው ነበር» አለ። «ራሱ ነው የነገረኝ። መልእክቱን ለታናሽሽ ሰጣት፤ እሷም ‹እህቴ አልፈልግህም ብላለች› ብላ መለሰችለት።»

በሩ ተዘጋ። መርማሪውም ባርኔጣውን አንስቶ እንደ ልማዱ ኮቴው ሳይሰማ ወጣ። እህትማማቾቹ ብቻቸውን ቀሩ።

«እውነት ነው?» አለች ትልቋ።

ታናሿ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ፣ «ሁሉም ሰው አንቺን ነበር የሚወደው» አለች በቀጭን ድምፅ። «አባባም፣ ጎረቤቱም፣ እሱም። አንድ ሰው እንኳ ለኔ ይሁን ብዬ ነው። እሱም ቢሆን የኔ አልሆነም። በየዓመቱ መጋዘን ውስጥ ስትስቁ እየሰማሁ...» አልጨረሰችውም። «ይቅር በይኝ፣ እቴ።»

«አልልም» አለች ትልቋ።

ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ሰፊው አልጋ፣ ወደ መንገድ የሚያየው መስኮት፣ የታናሿ የሽቶ ጠርሙሶች። ትራሶቹን አንድ ጥግ ወረወረችና ከባዱን ፍራሽ መጎተት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ታናሿ ከደጃፉ።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የምተኛው እኔ ነኝ። አንቺ የኋላው ክፍል ትገቢያለሽ። ነገ ከቀብር መልስ ደግሞ ደም የነካቸውን ወጥመዶች ትፈገፍጊያለሽ። ሽታው ራስሽን ካዞረሽ ይዙርሽ።»

ታናሿ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ጫፉን ያዢው እንጂ!» አለች ትልቋ እያለከለከች። «ብቻዬን ልሸከመው ነው?»

ታናሿ ጎንበስ ብላ የፍራሹን ጫፍ ያዘች።