ተመልሶ የሚመጣው እድፍ

ልጆቼ፣ ሰው በመኪና ወንበር የተነሳ ፍቅሩን ሊያጣ ነበር ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ኋላ ላይ ግን አንጀቴን በላኝ።

ልጁ ላቫጆ ቤት መኪና አጣቢ ነው። ሥራ ከያዘ ቀና ስለማይል ጓደኞቹ «ጉንዳን» ይሉታል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት አሮጌ መኪና በሩ ላይ ቆመች። ከውስጧ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ወረደችና፣ ሰላም እንኳ ሳትለው ጀርባዋን አዞረችለት።

«ይታይሃል?»

ጉንዳን ግራ ገባው። የማያውቃት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ «ይታይሃል» ስትለው ምን ይበል?

«ምኑ ነው... እህቴ?»

«ጋዋኔ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ነዋ።»

እውነትም ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ጥላሸት የመሰለ እድፍ ተጋድሟል። አዋላጅ ነርስ ናት። መኪናዋን ከገዛች ገና ሳምንቷ ነው። የበፊቱ ባለቤት መካኒክ ኖሮ የሹፌሩ ወንበር የስንት ዓመት ግሪስ ጠጥቷል።

«ትናንት አንዷ ወላድ ‹ሲስተር፣ አንቺ ደግሞ ከየት ወድቀሽ መጣሽ?› አለችኝ። በምጥ ተይዛ እኮ ነው የምትስቅብኝ።»

ጉንዳን ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያ ሳቋ እዚያው ልቡ ውስጥ ቀረ።

ወንበሩን በሙቅ ውሃና በሳሙና አራሰው፣ በብሩሽ ፈተገው፣ ደግሞ አራሰው። ጨርቁ ለስንት ጊዜ ተደብቆ የኖረ ግራጫ መልኩን አወጣ። «እጅህ ይባረክ» ብላው ሄደች።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። እድፉ እዚያው ቦታው ላይ ተጋድሟል።

«አልለቀቀም እኮ።»

«ለቅቆ ነበር... አይተሽው የለ?»

«አይቻለሁ። እኔም ግራ የገባኝ እሱ ነው።»

ከበፊቱ የበለጠ ውሃ አፍስሶ አጠበው። በሦስተኛውም ቅዳሜ ያው ሆነ፤ በአራተኛውም። እሱ ሲፈትግ እሷ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሳምንቱን ወሬ ታወራለታለች። አንዱ መንታ ቤቱን በለቅሶ ሲያናጋ ሌላው እንዴት እንቅልፉን እንደለጠጠ ስትነግረው፣ እጁ ብሩሹ ላይ ይቀራል።

ጎረቤቱ ጎሚስታ ይህን ሁሉ ጎማ እየጠገነ ሲታዘብ ከርሞ፣ አንድ ቀን «አንተ ጅል» አለው። «የታጠበ ወንበር በራሱ ይቆሽሻል? ራሷ እየቀባችው ነው የምትመጣው።»

«ለምን ብላ?»

«ላንተ ብላ ነዋ። ‹ናፈቅከኝ› ብላ ማመልከቻ ታስገባልህ?»

ሳምንቱን ሙሉ የጉንዳን ልብ ሁለት ሆኖ ሰነበተ። አንዱ «አትሞኝ» ይለዋል፤ ሌላው «ታዲያ እድፉን ማን አመጣው?» ይለዋል። በአምስተኛው ቅዳሜ ሞኙ ልቡ አሸነፈ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ... ከእንግዲህ ወንበሩን መቀባት የለብሽም። እኔም እወድሻለሁ። እንዲሁ ብትመጪም ደስ ይለኛል።»

«ምን መቀባት?»

«እድፉን... እኔን ለማየት ብለሽ...»

ፊቷ ተለዋወጠ።

«ስማ ወንድሜ፣ ይቺን መኪና ለመግዛት ስድስት ዓመት የእረፍት ቀን አላውቅም። የገዛ ልፋቴን በገዛ እጄ ላቆሽሽ? እንዲህ ያለች ሴት ነው የመሰልኩህ?»

ወንበሩን ሳታሳጥብ መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ጉንዳን ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን ደግሞ እሷ ካልሆነች ማን ነው?

ጥያቄውን ተሸክሞ ከመንገዱ ማዶ የመኪና ወንበር ወደሚያለብሱ አዛውንት ሄደ።

«እንዴት አድርገህ ነው የምታጥበው?» አሉት።

«ውሃ አጥግቤ ነው፣ አባባ።»

«እሱ ነዋ። ልጄ፣ ግሪሱ እኮ ከጨርቁ አልፎ ስፖንጁ ውስጥ ገብቷል። ውሃ ባጠጣኸው ቁጥር ይፈታል፤ ሲደርቅ እርጥበቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ እያጠብክ ከታች ትቀሰቅሰዋለህ።»

«እኔው ነኝ በሉኛ።»

«አንተው ነህ።»

በማግስቱ አዲስ ስፖንጅ ተሸክሞ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆመ። ከሥራ ስትወጣ አየችውና ልታልፈው ፈለገች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው፣ ሌላ ነገር ልናገር አልመጣሁም» አላት። «እድፉን የማመጣው እኔ ነኝ።» አዛውንቱ ያስረዱትን ሁሉ ነገራት። «ስፖንጁን እቀይርልሻለሁ። ከዚያ በኋላ እድፉ አይመለስም። አንቺም... እኔ ጋ መምጣት አይኖርብሽም።»

የተሸከመውን ስፖንጅ አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠችው።

እዚያው ግቢ ውስጥ ወንበሩን ፈታ፣ ጨርቁን ገፈፈና ለብቻው አጠበ። አሮጌው ስፖንጅ ከሰል መስሏል። አዲሱን ሲያስገባ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«እድፉን አልቀባሁም» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። አሳፈርኩሽ።»

«ግን ከቤቴ እናንተ ጋ ስመጣ ሦስት ላቫጆ አልፌ ነው።»

ጉንዳን መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። «ለምን?»

«አሁንም ግራ ገባህ?»

«ትንሽ... ታዲያ ለምን ተቆጣሽኝ?»

«ያልሠራሁትን አልከኝ። ልቤ ውስጥ ያለውን ደግሞ ደረስክበት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ምን ላድርግ?»

ጉንዳን መፍቻውን አስቀመጠ። እሷም በግሪስ የጠቆረውን እጁን ይዛ፣ ነጩ ጋዋኗ ላይ አሳረፈችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናዋ ንጹህ ሆና መጣች። ጎሚስታው ቀድሞ ሮጠና ወንበሩን በመስኮት አየ።

«እድፍ የለውም እኮ። ምን ልታሳጥቢ መጣሽ?»

«ምንም። እሱን ልወስደው ነው።»

ወሰደችውም፣ ልጆቼ። እስከ ዛሬም አልመለሰችውም።