የሦስተኛው ኩሬ ዓሦች

ዶክተር የኋላሸት በሦስተኛው ኩሬ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው፣ ከስድስት የአፍሪካ አገሮች የመጡ እንግዶች እሱን ለመስማት ከድሬዳዋ በተነሡበት ጠዋት ነበር።

ወሩ ጥር፣ ዘመኑ 2015 ነው። ከኤረር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከምንጭ የተጠለፈ ውሃ በቦይ የሚገባባቸው አራት ኩሬዎች ያሉት አንድ የዓሣ እርባታ ጣቢያ አለ። በዚያ ቀን በግቢው ድንኳን ተጥሎ፣ ዓሣ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችና የዓሣ ፖሊሲ የሚያወጡ ባለሥልጣናት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሊነጋገሩ ነበር። ዋናው ተናጋሪ ሟቹ ነው።

ዋና ኢንስፔክተር ደሃቦ የእንግዶቹን ጥበቃ ለመቆጣጠር ከጅግጅጋ ከመጣች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ስልኩ ሲደወልላት ከተማው ውስጥ አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጣ ነበር፤ ሻሂዋን ሳትጨርስ ተነሣች። አባቷ የግመል ነጋዴ ነበሩ። ዓሣ በሕይወቷ አንዴ ቀምሳ አልደገመችም። ሰው ግን ታውቃለች።

ሬሳው ኩሬው ዳር ሸራ ላይ ተጋድሟል። የጤና ጣቢያዋ ባለሙያ ዐኒሳ አጠገቡ ተንበርክካለች።

«ምን ትያለሽ?» አለቻት ደሃቦ።

«ጭንቅላቱ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ቁስል አለ። የገደለው ግን ውሃ ነው። ደረቱን ስጫነው ከአፉ ብዙ ውሃ ወጣ፤ በዚህ ነው የጠረግኩት።» ዐኒሳ ነጭ ፋሻ አቀበለቻት። «አዳልጦት ከድንጋዩ ጋር ተጋጭቶ ነው የወደቀው ይላሉ። ሊሆን ይችላል።»

ደሃቦ ፋሻውን አገላብጣ አየችው። እርጥብ ነው፤ ንጣቱ ግን እንዳለ ነው። በሟቹ ኪስ ውስጥ ሁለት ገጽ ወረቀት ተገኝቷል፤ ቀለሙ ሟሙቶ አንዲት ፊደል አይነበብም። ከዚያ ወደ ኩሬው ተጠግታ ቁጢጥ አለች። ውሃው እንደ ተቀቀለ ጎመን አረንጓዴ ነው። እጇን ዘርጋ ስታደርግ የኩሬው ፊት ድንገት ፈላ። በመቶ የሚቆጠሩ ቆሮሶ የሚባሉ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው፣ አንዱ በሌላው ላይ እየዘለለ ወደ እጇ ጎረፉ። ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ምን ሆነው ነው?»

«ርቧቸው ነው» አለ ሳቢር። ሳቢር አርባ ዓመት ያለፈው የኩሬዎቹ ጠባቂ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሬሳውን ያየውም ያወጣውም እሱ ነው፤ ልብሱ ገና አልደረቀም። «ሰው ሲያዩ ምግብ ያመጣላቸው ይመስላቸዋል። የጠገበ ዓሣ ግን ዋላሂ ብትጠሪው አይመጣም። ሁለት ሦስት ሰዓት ታች ወርዶ ነው የሚቆየው።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ዶክተር ሀብተየስ ወንበር አምጣ ብለውኝ በአሥራ አንድ ሰዓት ወደ ከተማ ሄድኩ። ዓሦቹን እኔ አያቸዋለሁ አሉኝ።»

በጣቢያው ያደሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ደሃቦ አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው። የመጀመሪያው አቶ ፈይሰል ነው፤ ከክልሉ የመጡትን ባለሥልጣናት የሚመራ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ ሰው።

«ትናንት እራት ላይ ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል» አለ ፈይሰል ሳያንገራግር። «ሃምሳ ኩሬ እንቆፍራለን ብዬ ለእንግዶቹ ላስታውቅ ነበር። እሱ፣ ውሃ በማይቋጥር አፈር ላይ ኩሬ ብትቆፍር ጉድጓድ ነው የሚሆንብህ፣ አሥሩ ይበቃል አለኝ። ያውም ሰው ፊት።»

«ተናደዱ?»

«ተናድጄ ነው ያደርኩት። ግን ልንገርሽ ኢንስፔክተር፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬ ከተመራማሪ የደረሰኝ ወረቀት ሁሉ ሁለት መቶ ገጽ ነው። እቀበላለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። አንብቤ የጨረስኩት የእሱን ብቻ ነው፤ ሁለት ገጽ። እንዲህ ያለውን ሰው ገድዬ ከማን ጋር ልከራከር?»

ጠዋት ከሾፌሩ ጋር ከተማ ሄዶ ሱብሂ ሰግዷል። ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ጩኸቱ ድረስ ድንኳኑ ውስጥ ከዶክተር ሀብተየስ ጋር ቁርስ ላይ ነበር።

ሁለተኛዋ ሃኒ ናት፤ የሟቹ ረዳት ተመራማሪ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሬ ቢሮ ነበርኩ። የሚናገርበትን ጽሑፍ ለመጨረሻ ጊዜ አስተካክለን በአሥራ አንድ ተኩል አንድ ቅጂ አተምኩለት። እሱን ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

«አንቺንስ ማን አይቶሻል?»

ሃኒ ዓይኗን ጠረገች። «ማንም» አለች።

ዶክተር ሀብተየስ በጣቢያው አንጋፋው ተመራማሪ ናቸው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ለዕለቱ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ሦስተኛውን ኩሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔው ራሴ ነኝ የመገብኩት» አሉ። «ያን ጊዜ እዚያ ማንም አልነበረም። ከዚያ ቁርስ ላይ ከአቶ ፈይሰል ጋር ተቀመጥኩ። እንግዲህ የሞተው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው።»

«በዚያ ሰዓት ብቻዋን የነበረችው ሃኒ ናት።»

«እኔ በሰው ልጅ ላይ አልፈርድም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ቅናት ክፉ ነገር ነው፣ ኢንስፔክተር። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃ ለካች፣ ዓሣ መዘነች። ጭብጨባው ለእሱ ነው። እኔንስ ቢሆን? ሃያ አራት ዓመት ያጠናሁትን ወስዶ፣ እኔን ‹ለአባታዊ ምክራቸው› ብሎ በአንድ መስመር ሸኘኝ። ባለሥልጣን ደጅ ስንት ዓመት ጠናሁ፤ አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም። እሱ ሁለት ገጽ ጻፈና ሁሉም ጆሮውን ሰጠው። እኔ ግን ሽማግሌ ነኝ፤ ችዬዋለሁ። ወጣት አይችልም።»

«ዛሬ ተገናኝታችኋል?»

«የለም። ከትናንት እራት ወዲህ ዓይኑን አላየሁም።»

ደሃቦ ማስታወሻዋን ዘግታ ወጣች። «ችዬዋለሁ» የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። ያለፈው ዓመት፣ ሥራ ያስተማረችው ጁነይድ በላይዋ ሲሾም፣ ለጠየቃት ሁሉ ችዬዋለሁ እያለች፣ ቤቷ ገብታ ፔርሙዝ ከግድግዳ ጋር አላትማ ሰብራለች። የቻለ ሰው ነገሩን እንዲህ ቃል በቃል አያስታውሰውም።

ሳቢርን አስከትላ ከኩሬው ሠላሳ እርምጃ ወደሚርቀው የዓሣ ጫጩት ማስፈልፈያ ክፍል ገባች። መሃሉ ላይ ክብ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ታች ያለው አሸዋ ይቆጠራል። መርፌ የሚያካክሉ ጫጩቶች ይርመሰመሱበታል። የገንዳው ጠርዝ የሾለ ነው። ወለሉ እርጥብ ነው፤ ጥግ የቆመችው የእጅ ጋሪም ውሃ ይንጠባጠብባታል።

«ዛሬ ማን አጠበው?»

ሳቢር ግራ ተጋባ። «እኔ ያጠብኩት ትናንት ነው። ቁልፉ ያለው በእኔና በሁለቱ ዶክተሮች እጅ ነው።»

ከዚያ ወደ ቢሮ ሄደች። ሃኒ ጽሑፉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችላት። መጨረሻው መስመር ላይ፣ ዶክተር ሀብተየስ ለአባታዊ ምክራቸው እንደሚመሰገኑ ተጽፏል።

«ይቺ መስመር መቼ ገባች?»

«ዛሬ። አሥራ አንድ ከሩብ ላይ።»

«ከእናንተ ከሁለታችሁ ሌላ ማን አየው?»

«ማንም። የታተመውም አንዱ ብቻ ነው።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የእንግዶቹ መኪኖች ኤረር ከተማ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። የኬንያ፣ የማላዊ፣ የጋና ስም የተለጠፈባቸው ወንበሮች ባዶ ናቸው። ደሃቦ ከፊት ቆመች።

«ዶክተር የኋላሸት ኩሬው ውስጥ አልሞተም» ብላ ጀመረች። «የኩሬው ውሃ አረንጓዴ ነው። ከአፉ የወጣው ውሃ ግን ነጭ ፋሻ አላቀለመም። በዚህ ግቢ ሰው የሚሰጥምበት ጥርት ያለ ውሃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የጫጩቶቹ ገንዳ። እዚያ ሞተ፣ በእጅ ጋሪ ኩሬው ድረስ ተወሰደ፣ ወለሉም ታጠበ።»

ፈይሰል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሟቹ ነው። ሳቢር ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከተማ ወንበር ሲጭን ነበር፤ ጫኞቹ መስክረዋል። የቀሩት ዶክተር ሀብተየስ ናቸው።»

«ሃኒ ከእሱ ቁልፍ ልትቀበል አትችልም?» አሉ ዶክተር ሀብተየስ፣ ሳይንቀሳቀሱ። «ደግሞስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኩሬው ባዶ ነበር አልኩሽ። ቆሜ እየመገብኩ!»

«እሱን ነው የዋሹት። ሁለት ሰዓት ላይ እጄን ስዘረጋ የሦስተኛው ኩሬ ዓሦች ሊበሉኝ ደረሱ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢበሉ ኖሮ ቀና ብለው አያዩኝም ነበር። ማንም አልመገባቸውም። ኩሬው ባዶ ነበር የሚለው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው፤ የተናገሩትም ሞቱ እርስዎ ከአቶ ፈይሰል ጋር ቁርስ በሚበሉበት ሰዓት ላይ እንዲውል፣ ብቻዋን የነበረችው ልጅም እንድትጠረጠር ነው።»

«ረስቼ ይሆናል። ሽማግሌ ነኝ።»

«እሺ፣ ይህን ይርሱት። ከትናንት እራት ወዲህ ሟቹን አላየሁም ብለውኛል። ‹ለአባታዊ ምክራቸው› የሚለውን ደግሞ ቃል በቃል ነገሩኝ። ያ መስመር ትናንት አልነበረም። ዛሬ ንጋት ላይ ገባ፤ የታተመው አንዱ ወረቀት ደግሞ በሟቹ ኪስ ውስጥ ሟሙቷል። ወረቀቱ ሳይረጥብ ያነበቡት የት ነው?»

ሃኒ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ጋሼ» አለች። «ደስ ብሎት ነበር እኮ የወጣው። ‹ከሁሉ በፊት ለጋሼ ላሳየው› ብሎኝ ነው የሄደው።»

ዶክተር ሀብተየስ አንገታቸውን ደፉ። ሲናገሩ ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

«ጫጩቶቹን እያየሁ መጣ። እየሳቀ። ወረቀቱን ሰጠኝ። አነበብኩት፤ ቁጥሩ የእኔ፣ አፈሩን የመረመርኩት እኔ፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ ምስጋና። እንደ ጥበቃ፣ እንደ ሾፌር። ወረቀቱን መለስኩለት። ኪሱ ከትቶ ‹ደስ አለህ?› አለኝ። ገፈተርኩት። ጭንቅላቱ ጠርዙን መታና ራሱን ስቶ ገንዳው ውስጥ ተደፋ።»

«ማውጣት ይችሉ ነበር» አለች ደሃቦ።

«እችል ነበር። ቆሜ አየሁት።»

«ዓሦቹንስ ለምን አልመገቡም? ያን ቢያደርጉ ውሸትዎ ይይዝ ነበር።»

«ምግቡን በባልዲ ይዤ ሄጃለሁ» አሉ። «እሱ እዚያ ነበር። ምግብ ብበትን ፊቱ ላይ ነው የሚረባረቡት። አልቻልኩም።»

የኤረር ፖሊሶች ይዘዋቸው ሲወጡ ሳቢር ፊቱን አዙሮ ቆመ። ሃኒ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ፈይሰል አጠገቧ ቁጭ ብሎ ውሃ አቀበላት።

ከሁለት ቀን በኋላ ደሃቦ ተጠርጣሪውን ወደ ጅግጅጋ ለመውሰድ ኤረር ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ዶክተር ሀብተየስ በዚያው ግራጫ ልብሳቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጠበቃ እንዳላቸው ጠየቀቻቸው። ለቤተሰብ የሚደወል ካለም ጠየቀቻቸው።

«ምክክሩ ቀረ?» አሉ በመልስ ፋንታ።

«አልቀረም። ትናንት ተካሄደ።»

«በእሱ ቦታ ማን ተናገረ?»

«ሃኒ።»

ቀና አሉ። «ያቺ ልጅ? እጇ እኮ ይንቀጠቀጣል ሰው ፊት ስትቆም።»

«ተንቀጠቀጠ። ግን ተናገረች።»

«አዳመጧት?»

ደሃቦ ከድንኳኑ መግቢያ ቆማ ያየችውን አሰበች። የማላዊው ባለሥልጣን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ይጽፍ ነበር። የጋናዋ ሴትዮ ሦስት ጊዜ አስቁማ ጠየቀቻት። ፈይሰል ተነሥቶ፣ ሃምሳ ያልነውን አሥር ብለናል፣ መጀመሪያ አፈሩ ይመርመር አለ። ስልኩን ያን ቀን በእጁ አላየችበትም።

መዋሸት ትችል ነበር። «አዎ» አለች። «አንድም ሰው አልተነሣም። አዳመጧት።»

ሬሳው ሲወጣ ያላለቀሱት፣ ሲታሰሩም ያላለቀሱት ሰው ያኔ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር።

«የእኔን ቁጥር እኮ ነው የነገረቻቸው» አሉ። «የእኔን።»