ቀዩ ኪቦርድ

«በቃ፣ ሰዓትሽ አልቋል» አለች ሙኒራ፣ ወደ ራሷ ያዞረችውን ላፕቶፕ እያየች። «በቀዩ አርባ ስምንት ቃል በደቂቃ፤ ቅድም በሰማያዊው ስልሳ አንድ። ነገርኩሽ አይደል? ላንቺ የሚሆነው ሰማያዊው ነው።»

ሔርሜላ እያየች የምትተይበውን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ዘግታ ጣቶቿን አፍታታች። ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ያለው የእነሙኒራ ቤት ከሰዓት በኋላ ያፍናል፤ ፋኑ የሚያመላልሰው ያንኑ ሙቀት ነው። ነገ ትምህርት ቤታቸው ለከተማው የፈጣን ጽሕፈት ውድድር አንድ ተማሪ ይመርጣል፤ ሁለቱም ይወዳደራሉ። የራስን ኪቦርድ ይዞ መምጣት ይቻላል። ሔርሜላ የላትም። ሙኒራ ግን የራሷ ቀይ አላት፤ ሰማያዊውን ደግሞ ከአጎቷ ልጅ ከኒዛር ለሔርሜላ ተውሳላታለች። የሚሻላትን እንድትመርጥ ሁለቱንም እያስሞከረቻት ነው። ስማቸው ከቁልፎቹ ሥር ካሉት ትንንሽ ስዊቾች ቀለም የመጣ ነው።

የሰማያዊው ቁልፍ ሲጫኑት መሃል ላይ ያንገራግርና «ቀጭ» ብሎ ይወርዳል። ሔርሜላ ስትፈጥን ጣቶቿ ያንን ድምፅ የሚጠብቁ ይመስላታል። ቀዩ ግን ገና ሲነኩት ያለ ድምፅ ሙልጭ ብሎ ይወርዳል። ታዲያ እንዴት በእሱ ዘገየች?

ሙኒራን እናቷ ጠሯት። ሔርሜላ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። በመጨረሻ ላፕቶፑን አዞረችው። ቀይ፦ ስልሳ አንድ። ሰማያዊ፦ አርባ ስምንት።

ሙኒራ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዛ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች።

«አውቀሽ ነው የሸወድሽኝ?» አለቻት ሔርሜላ።

«ቀዩን ከያዝሽ ታሸንፊኛለሽ» አለች ሙኒራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዕረፍቱን ሙሉ ስለማመድ ነው የከረምኩት።»

«ያንቺ አይደል እንዴ? አልሰጥም ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

«ስስታም እንዳትዪኝ ብዬ።»

ሔርሜላ ቦርሳዋን አንስታ እስከ በሩ ሄደች። ሙኒራ ብርጭቆዎቹን አስቀመጠችና ቀዩን ኪቦርድ ከላፕቶፑ ነቅላ ዘረጋችላት።

«ውሰጂው፤ የእውነቴን ነው።»

ሔርሜላ ኪቦርዱን አየችው። ብትወስደው ነገ ማሸነፏ ነው። የሙኒራ ዓይን ግን መሬት መሬት ያያል።

«በሰማያዊው እገባለሁ» አለች ሔርሜላ። «ከአሁን ወዲህ ግን ውጤቴን ራሴ ነኝ የማነበው።»

ሙኒራ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሔርሜላ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና ሰማያዊውን ሰክታ ላፕቶፑን ሁለቱም በሚያዩት በኩል አቁማ መጽሐፉን ገለጠች።

«ሰዓት ያዢልኝ።»